ውጫሌ የሌለችበት ካርታ

3 ካሬ ሜትር የካርታ ባነር። በካሬ 800 ብር፣ ለዲዛይን 1,000 ብር፣ በድምሩ 3,400። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩና «ሐሙስ ነይ ቲቸር» ተባልኩ። ሐሙስ የሚሉት የትኛውን ሐሙስ እንደሆነ ደሴ ውስጥ ባነር ያሳተመ ሁሉ ያውቃል።

ማተሚያ ቤቱ ፒያሳ ነው፤ ደረጃ ወጥቶ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ስሙን አልጠራም። ጥፋቱንም እርማቱንም ስለምናገር፣ ጥፋቱ ብቻ ተነጥሎ እንዳይዞር ብዬ ነው።

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የግድግዳ ካርታዎች በ2014ቱ ጦርነት ጠፍተው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በጠመኔ እየሳልኩ ነው የማስተምረው። በጠመኔ የምስላት ኢትዮጵያ አንዳንድ ቀን ኢትዮጵያን ትመስላለች፣ አንዳንድ ቀን የተኛች ጥጃ። ልጆቹ «ቲቸር ዛሬ ጥጃዋ ከሳች» ሲሉኝ፣ በቃ፣ ከደመወዜም ቢሆን ቆንጥሬ አሳትማለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ያዘዝኩት ካርታ ግን ተራ አይደለም። ከኤርትራ ጋር ያለንን ድንበር እንደየዓይነቱ በተለያየ ቀለም እንዲሰሩልኝ ነው የጠየቅኩት። ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ድንበር ነው። ከሑመራ አጠገብ ይነሳና ሙሳ ዓሊ ተራራ ላይ ከጅቡቲ ጋር ሦስት ሆነው ሲገናኙ ያበቃል። ካርታ ሁሉ አንድ ቀይ መስመር ያሰምርበታል። እዚያ ቢሄዱ ግን አንድ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ቦታ ወንዝ ነው፤ ተከዜ፣ መረብ፣ በለሳ፣ ሙና። ከተከዜ ወደ መረብ ያለው ደግሞ ወረቀት ላይ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ወንዝም ተራራም አይደለም፣ የባድመን ስም የሰማነው በዚህኛው ምክንያት ነው። ከሙና ወዲያ ወደ አፋር በረሃ ሲወርድስ? እዚያ ድንበሩ ቁጥር ነው። ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ዳርቻውን ተከትሎ ይሄዳል።

ይሄን ሁሉ ለዲዛይነሩ አስረዳሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ቢሆነው ነው፣ ጆሮው ላይ ኤርፎን አይጠፋም። አንዱን አውጥቶ ሰማኝና «ቲቸር፣ ድንበር ያው ድንበር አይደል?» አለኝ።

ናሙናው በቴሌግራም መጣ። አንድ ቀይ መስመር፣ የጫማ ማሰሪያ የሚያክል። ይባስ ብሎ መረብን ወስዶ ተከዜ ውስጥ ከቶታል። ደወልኩ።

«መረብን ማን እዚያ ጨመረው?»

«መጨረሻው ዝም ብሎ ተቋርጧል ቲቸር። ወንዝ መቼም የሆነ ቦታ መግባት አለበት ብዬ ነው።»

አልተቆጣሁም። ተማሪዎቼም እንዲሁ ነው የሚያስቡት። መረብ ከአስመራ በስተደቡብ ይነሳል፣ ትንሽ ድንበር ሆኖ ይሠራል፣ ከዚያ ጋሽ የሚል ሌላ ስም አውጥቶ ሱዳን ይገባና ከሰላ አካባቢ አሸዋ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ባሕር የማያይ ወንዝ አለ ወይ ለሚል ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ከኛ ሥር የሚያልፈው ቦርከና የአዋሽ ገባር ነው፤ አዋሽ ደግሞ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ለዲዛይነሩ «ቦርከናም ባሕር አያይም» ስለው ዝም አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ወንዝ ነዋ። መረብን አስተካከለው፤ ቀለሞቹንም ለያቸው። ወንዙ ሰማያዊ፣ ቀጥታው ቡኒ፣ የበረሃው ብርቱካናማ።

ሐሙሱ ማክሰኞ ሆነ። መብራት ጠፍቶ ነው አሉኝ። ጀኔሬተር አላቸው፣ ግን ትልቁን ማሽን አይችለውም። ይሁን።

ስቀበለው ደስ አለኝ፣ መደበቅ አልችልም። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ፊደሉ ከክፍሉ መጨረሻ ወንበር ይነበባል፣ ጠርዙ ተደርቦ ተጣብቋል፣ ለመስቀያ ስምንት ቀዳዳ በብረት ቀለበት ተመትቶለታል። የቀለሙ ሽታ ሁለት ቀን ቤቴን ለቆ አልወጣም እንጂ ሌላ እንከን አላየሁበትም። ያኔ ማለቴ ነው።

ቅዳሜ አባቴ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ መጣ። አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ከረዳትነት ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ አሰብ መስመር ላይ ኖሯል። መጀመሪያ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና፣ ኋላ ባለተሳቢ። ካርታውን ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋሁለት። አንዱ ጥግ አልቀመጥ ብሎ ሲጠቀለል ረከቦቱን አስቀመጥንበት።

መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ ያየው ደናክልን ነው።

«ይሄን ሁሉ ሣር ማን ዘራው?»

አረንጓዴ ነዋ! ካርታ ላይ አረንጓዴ ዝቅተኛ ቦታ ማለት እንጂ ለምለም ማለት አይደለም። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ስለሆነ ከሁሉ የለመለመ መስሎ ይታያል። አባቴ ግን እዚያ በረሃ ጎማ የፈነዳበት ሰው ነው። «ልጆቹን እንዳታሳስቺ» አለኝ፣ ከልቡ።

ቀጥሎ ጣቱን ኮምቦልቻ ላይ አሳረፈና ይነዳ ጀመር። ባቲ። ሚሌ። ሰርዶ። ዲቼቶ ላይ ትንሽ ቆመ፤ የጅቡቲው መንገድ በጋላፊ በኩል የሚገነጠለው እዚያ ነው። ወደ ግራ ያዘ። ማንዳ። ቡሬ። ቡሬ ላይ ብርቱካናማዋ መስመር አለች። ጣቱ አልቆመም። መስመሯን አልፎ ቀይ ባሕር ዳር ሄዶ፣ አሰብ ላይ አረፈ።

«አባዬ፣ ድንበሩን አለፍከው እኮ።»

«ያኔ የት ነበር?» አለኝ።

እውነቱን ነው። እሱ መንዳት ሲጀምር ቡሬ ራዲያተር ላይ ውኃ የሚጨመርባት ቦታ ናት። (በነገራችን ላይ ስልካችሁ ላይ ቡሬ ብላችሁ ስትፈልጉ ጎጃም ከወሰዳችሁ አትደንግጡ። ቡሬ አንድ ብቻ አይደለም። እኔም ለዲዛይነሩ «የአፋሯን» ብዬ ሦስቴ ነግሬዋለሁ።) ከኮምቦልቻ አሰብ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ሌሊት ይነዱት ነበር። ሲወርዱ ቆዳና ጥራጥሬ፣ ሲመለሱ ማዳበሪያና ስንዴ። ነዳጅ የሚያመጡት ባለቦቴዎች ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ዓለም ናቸው፤ አባቴ ስለነሱ ሲያወራ እስከዛሬ ትንሽ ቅናት አለበት።

በ1985 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን መንገዱ አልተዘጋም። ኬላ መጣ፣ ወረቀት በዛ፣ ጭነቱ ግን ቀጠለ። የቆመው በ1990 ነው። የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ኤርትራ ናቅፋ የሚባል የራሷን ገንዘብ አወጣች፣ በግንቦት ጦርነቱ ተነሳ። አባቴ በአጭሩ ነው የሚተርከው። «መጀመሪያ ብሩ ተለየ፣ ከዚያ መንገዱ።» ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ በጋላፊ ጅቡቲ ነዳ። መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬና ዛላንበሳ ሲከፈቱ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የጫማውን ክር አስሮ ነበር። የት እንደሚሄድ አልጠየቅነውም። ከወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ።

ወደ ካርታው ልመለስ። አባቴ «ከቡሬ አሰብ 70 ምናምን ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፣ አንቺ 60 ትያለሽ» አለ። መንገድ ይጠመዘዛል፣ 60ው የአየር ላይ ርቀት ነው አልኩት። «ለኪልኝ» አለ። ክር አመጣሁ። ስኬሉ 1 ሴንቲ ሜትር ለ10 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንዲያ ያዘዝኩትም 60ው ኪሎ ሜትር ልክ 6 ሴንቲ እንዲሆንና ልጆቹ በማስመሪያ እንዲለኩት ብዬ ነው። ክሩን ከባሕሩ ዳር እስከ ብርቱካናማዋ መስመር ወጠርን። ማስመሪያው ላይ አስቀመጥነው።

7 ሴንቲ።

ሌላ ቦታ ለካን። 7 ከትንሽ። መስመሩ ተሳስቷል ብዬ ነበር። ኋላ ዓይኔ ጥግ ላይ ያለችው የአቅጣጫ ማሳያ ላይ አረፈ። ክብ መሆን ነበረባት። እንቁላል ሆናለች። ልጁ ሥዕሉ ባነሩን አልሞላ ሲለው ከግራና ከቀኝ ይዞ ጎትቶታል። አገሪቱን በሞላ ወደ ጎን አወፈራት። ስኬሉ ግን እንደተጻፈ አለ፤ የሚዋሽ ስኬል። ለሠርግ ባነር ሙሽሮቹ ትንሽ ቢወፍሩ ማንም አይከስም፤ የካርታ ግን ነፍሱ ይሄው ነው።

እኔ በዚህ ስናደድ አባቴ ጣቱን በሌላኛው መንገድ ወደ ላይ እየነዳ ነበር። ደሴ። ሐይቅ። መርሳ። ወልዲያ።

«ውጫሌስ?»

የለችም። መርሳ እያለች ውጫሌ የለችም። ስለ ድንበር የሚያስተምር ካርታ፣ ያውም ደሴ ላይ የታተመ፣ ድንበሩ መጀመሪያ የተጻፈባትን ቦታ ዘሎ አልፏል። ናሙናውን አይቼ «እሺ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይሄኛው ጥፋት የጋራ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። የውጫሌ ውል ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንቀጽ 17ን ነው። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፣ ነገሩ አድዋ አደረሰ። ተማሪዎቼ ይሄን በእንቅልፋቸውም ይመልሱታል። አንቀጽ 3ን ግን ጠይቋቸው። እኔ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፤ ለእኔ የውጫሌ ውል ማለት አንቀጽ 3 ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ምኒልክና የጣልያኑ አንቶኔሊ የፈረሙት ያ አንቀጽ ወሰኑ የደጋውን ጫፍ እንዲከተል ይላል። ከቀይ ባሕር ዳሯ ከአራፋሊ ይነሳል፤ ሐላይ፣ ሰገነይቲና አስመራ ከጣልያን ወገን ይሆናሉ። ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር የለም። መንደር በመንደር ነው የተቆጠረው፣ መንገድ ለጠፋው ሰው አቅጣጫ እንደምንናገረው። ሁለት ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ ሰዎች ተመርጠው ቋሚ ምልክት እንዲያቆሙም ተስማምተዋል። በስምንተኛው ወር ጣልያን ኤርትራ ብሎ ቅኝ ግዛቱን አወጀ።

ከአድዋ በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1889 አዲስ አበባ ላይ ሌላ ውል ተፈርሞ የውጫሌው ተሰረዘ። አዲሱ መስመር ደግሞ በአንድ ቀን አልመጣም። የመረብ፣ የበለሳና የሙና ወንዞች በ1892፣ የምዕራቡ ማስተካከያ እንግሊዝም ባለችበት በ1894፣ የበረሃው 60 ኪሎ ሜትር በ1900። ሦስት ቀለም ያዘዝኩት ለጌጥ አልነበረም። ወንዝ ባለበት ወንዝ ያዙ፣ ወንዝ በሌለበት ማስመሪያ ያዙ።

ቋሚ ምልክቱስ? ከ1990ው ጦርነት በኋላ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን በሚያዝያ 1994 ውሳኔ ሰጠ። መሬት ላይ ችካል ተክሎ መጨረስ ስላልቻለ በኅዳር 2000 ድንበሩን በካርታ ላይ በነጥብ ቁጥሮች ለይቼ ጨርሻለሁ አለ። ኤርትራ ተቀበለችው፣ ኢትዮጵያ ያኔ አልተቀበለችውም። ውጫሌ ላይ ምልክት ይቁም ከተባለ 118 ዓመት አልፎት ነበር።

ይሄን ሁሉ ለአባቴ ስነግረው ቡናው ሁለተኛ ደርሷል። «እና ውጫሌን ሳትጽፊ ነው የምታስተምሪው?» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ካርታውን ጠቅልዬ ፒያሳ ወጣሁ።

ጭቅጭቅ አስቤ ነበር የሄድኩት። በሐሳቤ ሦስት ዓይነት ስድብ አዘጋጅቻለሁ። እንቁላሏን አሳየሁት። ዲዛይነሩ ሁለቱንም ኤርፎን አወለቀ። ክሩንና ማስመሪያውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ለካሁለት። ባለቤቱም መጣ፣ ባነር ሊወስድ የመጣ አንድ ደላላም ተጨመረ፣ ሁላችንም ቀይ ባሕር ላይ አጎነበስን።

«ሞልቶ እንዲያምር ብዬ ነው» አለ ልጁ፣ ቀስ ብሎ።

ውጫሌን ሳነሳ ደግሞ «የኛዋ ውጫሌ?» አለኝ። ልጁ የሐይቅ ልጅ ነው። ውጫሌን ገበያዋን ያውቃታል፣ አክስቱ እዚያ ናት። የውጫሌን ውልም ተምሮ ለፈተና ሸምድዶታል። «ሁለቱን አያይዤ አላውቅም፣ ወላሂ» አለ። ይሄን ሲለኝ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ።

ባለቤቱ «አብሽሪ ቲቸር፣ የባነሩን ዋጋ ብቻ ክፈይ፣ ጉልበቱ በኛ» አለ። 1,200 ብር ጨመርኩ። በነፃ መሥራት ነበረባቸው የሚል ካለ አልከራከርም፤ እኔም ናሙናው ላይ «እሺ» ብያለሁ። በሁለተኛው ቀን አደረሱልኝ፣ ያለ ሐሙስ።

አዲሱ ካርታ እነሆ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ነው። የአቅጣጫ ማሳያዋ ክብ ናት። ክሩ 6 ሴንቲ ይላል። ከግራና ከቀኝ ነጭ ባዶ ተርፏል፤ አያምርም፣ ግን አይዋሽም። ውጫሌ ትንሽ ኮከብ ተደርጎላት ገብታለች። ደናክል አሁንም አረንጓዴ ነው፤ እንዲቀይሩት አልጠየቅኩም፣ ለልጆቹ የመጀመሪያው ጥያቄዬ እሱ ስለሆነ። ትናንት ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ 60ው የሚለካው ባሕሩ ሲሞላ ነው ወይስ ሲጎድል?» አለኝ። በዚህ ስኬል ልዩነቱ ከክሩ ውፍረት ያነሰ ነው ብዬ አሳየሁት። ደስ ያለው ግን አልመሰለኝም።

ካርታ ለማሳተም ለምታስቡ መምህራን የምለው ይሄን ነው። ቤቱ ሥራው ጥሩ ነው፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ሰዎቹ ሲሳሳቱ ይሰማሉ። ከአሥር ሰባት እሰጣቸዋለሁ። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከኢንተርኔት አውርዱልኝ አትበሉ። «እንዳትጎትቱት» ብላችሁ በቃልም በጽሑፍም ተናገሩ። ናሙና ሲመጣ መጀመሪያ ክብ የሆነ ነገር ፈልጉ። የከተሞቹን ስም አንድ በአንድ አንብቡ፣ በተለይ የምታውቁትን፣ ዓይን የሚዘለው እሱን ነውና። ስለ ቀኑ ግን ምንም ማድረግ አትችሉም።

የተበላሸው ካርታ የት ደረሰ ለምትሉ፣ አባቴ ኮምቦልቻ ወስዶታል። በረንዳው ላይ ለፀሐይ መከለያ ወጥሮታል፣ ሥዕሉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ። የድሮ ሹፌር ጓደኞቹ ሲመጡ ወንበራቸውን ወደ እሱ አዙረው ነው ቡና የሚጠጡት። ባለፈው እሑድ ሄጄ ሳይ ከሐይቅና ከመርሳ መሐል በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተንቀጠቀጠ ፊደል፣ ውጫሌ የሚል ተጽፎበታል። ቡሬ ላይ ደግሞ ትንሽ ክብ አለች። ምንድን ናት ስለው «ውኃ የምንጨምርባት» አለኝ።